ሸረሪቷ ክንዴ ላይ የዋለችበት ቀን

አይ፣ ቆይ እስቲ፣ አታቋርጠኝ። «ሸረሪት ምን አገር አለው፣ ሸረሪት ሁሉ ያው ሸረሪት ነው» ያልኸው አንተ አይደለህም? እሺ። ታዲያ ድልድዩ ጋ ሂድና ወታደሩን እንደዚያ በለው። «ሰው ሁሉ ያው ሰው ነው፣ አሳልፈኝ» በለውና መልሱን ይዘህልኝ ና። እኔ እዚሁ መተማ ተወልጄ፣ ማዶ ሱዳን፣ ገላባት ያለውን ፉል ሻጭ እንደ ጎረቤቴ እያወቅሁት፣ ድልድዩን ልሻገር ስል መታወቂያ አምጣ እባላለሁ። እሷ ግን ስምንት እግሯን ይዛ፣ አንድም ሰው ሳይጠይቃት ገባች። ስትገባ መጀመሪያ ያየኋት ደግሞ እኔ ነኝ። የፈለግኸውን በል፣ እኔ ነኝ።

ሌላም አለ፣ ሻይ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ «አራተኛ ክፍል ያልጨረሰ ደግሞ ምን ያገኛል» የሚል። ወንድሜ፣ ሸረሪት ለማየት ዲፕሎማ አይጠየቅም። ዓይን ነው የሚጠየቀው። የኔ ዓይን ደግሞ አንድ ቦታ አያርፍም፤ እግሬም እንደዚያው። እናቴ «ይህን ልጅ እንኳን ከወለድሁት በኋላ፣ ሆዴም ውስጥ አልተቀመጠም» ትላለች። ሰው ቤት ስገባ በር ላይ ነው የምቆመው። ምግብ ስበላ እየተንጎራደድሁ ነው። ትምህርቱንም የተውሁት አእምሮ አጥቼ አይደለም፣ አግዳሚ ወንበሩን ጠልቼ ነው። የትራክተር ረዳት የሆንሁትም ለዚሁ ነው፤ ተጎታቹ ላይ ቆመህ ቀኑን ሙሉ ስትናጥ ትውላለህ፣ ማንም ተቀመጥ አይልህም።

እና ነገሩ እንዲህ ነው።

አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ከመተማ ወደ ቋራ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የሰሊጥ መሬት አላት። ባለሀብት እንዳትመስልህ። ባለሀብቱ ጎንደር ቁጭ ብሎ በስልክ ነው የሚያርሰው። አክስቴ ግን በክረምት ጭቃው ውስጥ፣ በበጋ አቧራው ውስጥ ናት። ያን ዓመት ላሞቿን ሸጣ ነው ያሳረሰችው፣ ያሳረመችውም። ዝናቡ ደግ ሆኖ ሰሊጡ ከኔ ቁመት በላይ ሄደ፤ እኔ ደግሞ አጭር አይደለሁም። ያ ሰሊጥ ከተሰበሰበ አክስቴ ሰው ናት፤ ካልተሰበሰበ ላምም የላት፣ ሰሊጥም የላት፣ ከተማ ወርዳ የሰው ልብስ ማጠብ ነው የሚጠብቃት። ይህን እሷ አላለችም፣ ሁላችንም እናውቀው ነበር።

ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅህም። ፍሬው በትንንሽ ከረጢት ውስጥ ነው ያለው። የታችኛው ከረጢት ቢጫ ማለት ሲጀምር ታጭደዋለህ፣ ነዶውን እያቆምህ ትከምረዋለህ፤ ክምሩን እኛ ሂላ ነው የምንለው። ሂላው ደርቆ አፉን ሲከፍት ሸራ ላይ ዘቅዝቀህ ታራግፈዋለህ። ከዘገየህ ግን ገና ቆሞ እያለ ይከፈትና ፍሬው መሬት ይረግፋል። መሬት የረገፈ ሰሊጥ የጉንዳንና የርግብ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ቆላ ውስጥ ልቡ የተረጋጋ ሰው አታገኝም። ከአብደራፊ እስከ ገለጉ ሁሉም ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ አጫጅ ፍለጋ ይጮኻል።

ያን ዓመት መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ስለነበር ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ትንሽ ነው። አክስቴ በስንት ልመና አንድ ቡድን አገኘች። የጎጃም ልጆች ናቸው፣ የአንድ ቀበሌ ልጆች። አንድ ወሎዬ ጎረምሳ ብቻ መንገድ ላይ ተቀላቅሏቸዋል። የሁሉም ካቦ አንድ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ተነሱ ካሉ ይነሳሉ፣ ተቀመጡ ካሉ ይቀመጣሉ። እንዲህ ያሉ ቡድኖች አንድ ሕግ አላቸው፦ አብረው መጥተው አብረው ነው የሚመለሱት። አንዱ ታሞ ከሄደ ሁሉም ይሄዳል፤ የታመመ ልጅ ብቻውን አይላክም፣ ጤነኛውም ወደኋላ አይቀርም። ጥሩ ሕግ ነው። ሰሊጥህ ከረጢቱን ሊከፍት ሲል ግን ጥሩ ሕግ አይመስልህም።

አጨዳው ሊጀመር ሲል ዕቃ አደረስሁላቸው። መሬት ላይ እንዳይተኙ፣ ጊንጥ አለ፣ አክስቴ ከማዶ ጦርነቱን ሸሽቶ ከመጣ አንድ ነጋዴ የእንጨት ሳጥን ገዝታ ነበር፤ የወለል ሸክላ የመጣበት ትልልቅ ሳጥን። ሳጥኑ ላይ ክብሪት የተበተነ የሚመስል ጽሑፍ አለበት። አረብኛ አይደለም፣ አረብኛ ባላነበውም መልኩን አውቀዋለሁ። በዚያው ጭነት አንድ ትልቅ የሶላር መብራትም አመጣሁ፣ ራኩባው ምሰሶ ላይ የሚሰቀል። ራኩባ የምንለው አጫጆቹ የሚበሉበትና የሚያርፉበት የሣር ዳስ ነው።

ሳጥኑን ከተጎታቹ ሳወርድ ነው ያየኋት።

የኛን ዘላይ ሸረሪት አውቃታለሁ። ግድግዳ ላይ ዝንብ የምታድን፣ አመድ የመሰለች፣ ጣትህን ስታስጠጋ ስንጥቅ ውስጥ የምትገባ። ይቺ ሌላ ናት። ሰውነቷ ጥቁር፣ ጀርባዋ መሃል ለመሃል ወፍራም ነጭ መስመር የተሰመረበት፣ አፏ ላይ ብርቱካናማ ጢም የመሰለ ጸጉር ያላት። ከፊት ሁለት ትልልቅ ዓይን፣ ልክ ከሩቅ እንደሚመጣ የጭነት መኪና መብራት። ጣቴን ሳስጠጋ አልሸሸችም። ዞር ብላ አየችኝ። ሰው እንደሚያይህ። ከዚያ አውራ ጣቴ ላይ ዘልላ ወጣች፣ ፊቴን ቀና ብላ አየች፣ አልወደደችውም መሰለኝ ተመልሳ ሳጥኑ ላይ ዘለለች።

«ይቺ የኛ አይደለችም» አልሁት ሾፌሩን።

«ታዲያ የማን ናት? ይልቅ ሳጥኑን አውርድ» አለኝ።

ይኸው ምስክር። አላመነኝም እንጂ ሰምቶኛል።

አጫጆቹም ማየት ጀመሩ። አንዲት ብቻ አልነበረችም፣ ሳጥኖቹ ውስጥ ብዙ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት እንጨቱ ላይ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ሰው ሲያልፍ አንገታቸውን እያዞሩ ያያሉ። ጎጃሜዎቹን ይህ አተያይ ነው ያስጠላቸው። «ድር የሌላት ሸረሪት ምን ሥራ አላት? ሰው ለማየት ነው የመጣችው?» ይላሉ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ቆዳቸው መላጥ ጀመረ። አንዱ አንገቱ ላይ፣ አንዱ ጉንጩ ላይ፣ የጋለ ብረት እንደተሳበበት ቀይ መስመር፣ ከዚያ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ያቃጥላል። ደገኛ ይህንን ሲያይ የሚለው አንድ ነው፤ እኛም እንለው ነበር፣ አልዋሽህም፦ ሸረሪት ሸናችበት። ሌላ መልስ የለውም። ጥሬ ባቄላ አኝከው ቢለጥፉበትም አልለቀቀም።

«ወላሂ እኔን ዓይኔ ሥር ነው የሸናችብኝ» አለ ወሎዬው። «ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ ሌላ ቦታ አጣች?»

ሳቁ ግን ያን ያህል አልቆየም። አንድ ጠዋት፣ የታችኛው ከረጢት ቢጫ ብሎ፣ እዚህም እዚያም አፉን መክፈት ሲጀምር፣ ውኃ በበርሜል ይዤ ስደርስ አጫጆቹ ጨርቃቸውን ጠቅልለው ዱላቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል። አክስቴ ማጭድ እያሳለች ነበር። ቀና አላለችም።

«የት ነው?» አለች።

«ወደ አገራችን» አሉ ሽማግሌው።

«ሰሊጡስ?»

«ሰሊጡ ያንቺ ነው እታለም። ልጆቹ ግን የኔ ናቸው። እናቶቻቸው ፊታቸውን አጥበው ነው ለኔ የሰጡኝ። እንዲህ ተላልጦ ልመልስላቸው? ነገ ደግሞ ዓይን ላይ ቢሆንስ? ማንን ልጠይቅ?»

አክስቴ ማሳሏን አቆመች። እውነታቸውን ነበር። ልጆቹን እያዩ ነው የሚናገሩት፣ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር፣ ቁጣ ይበርዳል። ሌላ ቡድን የሚባል ነገር የለም፣ ከደጋ የሚወርድ ሰው ቆሟል። እኔ ትራክተሩን እየዞርሁ፣ ጎማውን እየረገጥሁ፣ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

«አባባ፣ እሷ አትሸናም» አልሁ።

«አንተ ምን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ጣቴ ላይ ወጥታለች።»

«ጣትህ ላይ ወጥታ ሳትሸና ወርዳ ይሆናል» አለ አንዱ ከኋላ። «አላመነችህም ይሆናል።»

«እሺ፣ እንግዲያው ታምነኝ። አሁን ይዤ ክንዴ ላይ ብርጭቆ እደፋባታለሁ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ክንዴ ላይ ትዋል። ነገ ጠዋት ክንዴ ከተላጠ እኔው ራሴ በትራክተር እሸኛችኋለሁ። ካልተላጠ ታጭዳላችሁ።»

ሽማግሌው ዱላቸው ላይ ተደግፈው ብዙ አሰቡ። «እዚህ እኔ ፊት ትቀመጣለህ» አሉ። «አትነሳም። ብርጭቆውን አታነሳም። ልጆቹ ግን እስከ ነገ ማጭድ አይነኩም።»

አክስቴ ወደኔ ዞረች። «እና ዛሬ የሚረግፈውን ማን ይለቅመዋል? አንተ? በአንድ እጅህ?»

መልስ ሳትጠብቅ ማጭዷን ይዛ ወደ ማሳው ገባች። ብቻዋን።

እኔም ሸረሪቷን በሻይ ብርጭቆ ያዝኋት። ለመያዝ ማሯሯጥ አላስፈለገም፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ለማየት ራሷ ዘልላ ገባች። ክንዴ ላይ ደፋኋት፣ ወሎዬው በማዳበሪያ ጨርቅ ብርጭቆውን ከክንዴ ጋር አሰረልኝ፣ ራኩባው ሥር ጀሪካን ላይ ተቀመጥሁ። ሽማግሌው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሌሎቹ ዙሪያውን።

አሁን ይህንን ስማ። ሰዎች ጀግንነት ሲሉ ጠመንጃ ነው የሚታያቸው። እኔ ግን አንድ ሙሉ ቀን ተቀመጥሁ። እኔ። እናቴ ብታየኝ ስለት ታስገባ ነበር። መጀመሪያ ጉልበቴ ብቻውን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልማዱ ነው። ጉልበቴ ሲነቃነቅ ብርጭቆው ይነቃነቃል፣ ብርጭቆው ሲነቃነቅ እሷ የፊት እግሮቿን ወደ ላይ አንስታ ትቆማለች፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ። ከዚያ አፍንጫዬ አሳከከኝ። ከዚያ ያልጠራ ስልክ የጠራ መሰለኝ። ከዚያ ትራክተሩን ሾፌሩ ሊያስነሳው ሲል ገና ድምፁን ስሰማ ልነሳ ነበር፤ ሽማግሌው በዱላቸው ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ።

«ቁጭ።»

«ቁጭ ብያለሁ አባባ።»

«ልብህም ቁጭ ይበል።»

«እሱን እንኳ አላሰራችሁትም።»

«ወንድምዓለም፣ ብትንቀሳቀስ ትቆጣለች» አለ አንዱ ጎጃሜ። «አሁን እኮ ሚስትህ ናት።»

«ሚስቴ ብትሆን ይሄኔ ውኃ ቅዳ ብላኛለች።»

እንስቃለን፣ እንሰዳደባለን፤ ከማሳው ግን የማጭዱ ድምፅ ይመጣል። ኸርርት፣ ኸርርት። ትንሽ ዝም። ኸርርት። የአክስቴ ጀርባ ይታየኛል፣ ቀይ ሻሿ ከሰሊጡ መሃል ብቅ ጥልቅ ይላል። ብቻዋን ምን ያህል ታጭዳለች? ያ ሁሉ መሬት። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሰሊጡ ሻሽሻሽ ይላል፣ ያ ድምፅ ደረቅ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ርግቦቹም አውቀዋል፣ ከወንዙ ዳር መውረድ ጀምረዋል። እሷ ስትሠራ እኔ ተቀምጫለሁ። ሰው ሲሠራ ቁጭ ብሎ ማየት ባለሀብትነት ነው የሚመስለኝ የነበረው፤ ያን ቀን ግን ቅጣት መሆኑን አወቅሁ።

ቀትር ላይ ወሎዬው ዝንብ ይዞ መጣ። «አብሽር፣ ምሳዋን ላብላት» ብሎ ብርጭቆውን በትንሹ ዘንበል አድርጎ ዝንቡን ከተተ። ሁሉም ተጠጋ። ሸረሪቷ ዝንቡን አየችው። አልሮጠችም። ሆዷን መሬት፣ ማለት ክንዴን፣ አስነክታ እንደ ድመት ቀስ፣ ቀስ፣ ቆም፣ ቀስ አለች። ክር ቆዳዬ ላይ ስታጣብቅ ተሰማኝ። ከዚያ ዘለለች። ዝንቡ ሁለተኛ ክንፉን አላነሳም።

«ያረቢ» አለ ወሎዬው በቀስታ።

ሽማግሌው እንኳ አንገታቸውን አስግገው ነበር። «ጎበዝ ናት» አሉ። ከዚያ የተናገሩት ያስቆጫቸው ይመስል ወደኋላ ተደገፉ።

በልታ ስትጨርስ ነው። ትንሽ ነጭ ጠብታ፣ የመርፌ ራስ የምታክል፣ ቆዳዬ ላይ ጣለች። ሁላችንም አየናት። 

«ሸናች» አለ አንዱ።

ሁሉም ክንዴን ትቶ ፊቴን ማየት ጀመረ። እኔ አልፈራሁም። ላብ ነበረኝ፣ ቆላ ነው፣ ቀትር ነው። ያ ጠብታ ያለበት ቦታ ግን ሙቀት የጀመረው መሰለኝ፣ ከዚያ ቀዘቀዘኝ፣ ከዚያ ቆነጠጠኝ፣ በመጨረሻ ሌላ ቦታ ነው ያሳከከኝ። ብትፈልግ ሞክረው፣ አንድ ቦታ ላይ አፍጥጠህ ከዋልህ ያለ ሸረሪትም ያቃጥልሃል።

«ምን ይሰማሃል?» አሉ ሽማግሌው።

«ረሃብ» አልሁ።

ወሎዬው ከመካከላችን ተነሣ። ወደ ማሳው አየ፣ ወደ ሽማግሌው አየ። «አባባ፣ እኔ የናንተ ቀበሌ ልጅ አይደለሁም። ሴት ብቻዋን ስታጭድ ማየት አልቻልሁም» አለና ማጭድ አንስቶ ሄደ። ሽማግሌው አልከለከሉትም፤ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ብቻ አዛወሩ። የሁለት ማጭድ ድምፅ ከአንድ ማጭድ ድምፅ ይሻላል፤ ግን ይህም እግሬን የባሰ አሳበደው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ብርጭቆውን ፈቱልኝ። ክንዴ ላይ የብርጭቆው አፍ የሠራው ክብ ምልክት ብቻ አለ። ሽማግሌው በጣታቸው ዳበሱት። ሸረሪቷን ክዳኑ በተበሳ የውኃ ጠርሙስ ውስጥ አደረጓት። «ይህ እኔ ጋ ነው የሚያድረው፤ አንተ ቀልደኛ ነህ፣ ሌላ ሸረሪት ታስገባልኛለህ» አሉ። «ይህ ነገር ሲያድር ነው የሚወጣው። ጠዋት እናያለን።» ከዚያ መብራቱ በራ፣ ራት በላን፣ እኔ የቀኑን መቀመጥ ለመበቀል ቆሜ ነው የበላሁት። ሽማግሌው ጠርሙሱን ትራሳቸው ሥር አድርገው ተኙ።

ጠዋት ስነሳ አንገቴ ተላጧል።

አዎ። አንገቴ። ከጆሮዬ ሥር እስከ ትከሻዬ ቀይ መስመር፣ ልክ የነሱን የመሰለ። እጄ ሲነካው እንደ እሳት ነው። ልጆቹ ሲያዩኝ ጨርቃቸውን መጠቅለል ነው የጀመሩት። አክስቴ ውኃ ልትቀዳ መጥታ አየችኝ። ጀሪካኑን አስቀመጠች፣ እሷም ተቀመጠችበት። ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም፣ በዚህ እሷን ነው የወጣሁት። ይህን ሳይ ነው የእውነት የፈራሁት።

ሽማግሌው መጡ። አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃን አዞሩት። አንገቴን አዩ። ክንዴን አዩ። ክንዴ ንጹሕ ነው። ከዚያ ጠርሙሱን አወጡ። ሸረሪቷ ውስጥ አለች፣ ዞራ እያየችን ነው። ክዳኑን ነካኩት፣ ጥብቅ ነው።

«ይቺ ከኔ ጋር ነው ያደረችው» አሉ ለራሳቸው።

ጠርሙሱን ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳዩ።

«ትናንት ክንዱ ላይ ዋለች፣ ክንዱ ላይ ሸናች። ሌሊት ከራሴ ሥር አደረች። ታዲያ አንገቱ ጋ ማን ደረሰ?»

«ሌላዋ ትሆናለች፣ ስንት ናቸው እኮ» አለ አንዱ።

«ብትሆንማ ክንዱስ ለምን ዳነ? የዚቺ ሽንት ውኃ፣ የእህቷ እሳት ነው?» አሉ ሽማግሌው።

ወሎዬው ነው ያኔ ወደኔ የመጣው። «ማታ ራት ላይ አንገትህን በጥፊ ትመታ ነበር፤ ምን ነበር?»

«ምን አውቄ፤ መብራቱ ጋ የሚርመሰመስ ነገር ነበር።»

የሸሚዜን ኮሌታ ገለበጠው። አንድ የተጨፈለቀ ነገር ተጣብቋል። ቀጭን፣ ጉንዳን የምትመስል ጥንዚዛ፣ ወገቧ ቀይ፣ ጭራዋ ጥቁር። ወሎዬው ዓይኑ ሥር ነካ። «እኔም እንዲህ ያለ ነገር ነው ፊቴ ላይ የደፈጠጥሁት» አለ። ሌላው «እኔም» አለ። ሁላችንም ወደ ምሰሶው ሄድን። መብራቱ ሥር መሬቱ በነሱ ተሸፍኗል፤ የሞተው ከሚሄደው ተቀላቅሎ።

ይኸውልህ፤ ሳጥኑና መብራቱ በአንድ ተጎታች ነው የመጡት። መላጡም ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው። ሰው ደግሞ ፊቱን አዙሮ የሚያየውን ነው የሚጠረጥረው። ጥንዚዛዋን ማን አያት? ማታ ብርሃኑ ስቧት መጥታ፣ አንገትህ ላይ አርፋ፣ ራስህ ጨፍልቀሃት ትሄዳለች። ሸረሪቷ ግን ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ዓይን ለዓይን ታይሃለች። ያ ሁሉ ሽንት የተለጠፈባት ስለምታይ ብቻ ነው።

ሽማግሌው መብራቱን በገዛ እጃቸው ከምሰሶው አወረዱት። ከራኩባው ርቆ ያለ ግራር ላይ ሄደው ሰቀሉት። ተመልሰው መጥተው አክስቴ ፊት ቆሙ።

«እታለም፣ የትናንቱን ቀን መመለስ አልችልም» አሉ።

«ትናንትን ማን ጠየቀዎት? ዛሬን ይስጡኝ» አለች። ተነሣች።

ያን ቀን እንደታጨደ ታጭዶ አያውቅም። ልጆቹ ጨርቃቸውን ሳይፈቱ ጣሉት። ሽማግሌው ራሳቸው ከፊት ሆኑ። እኔ? እኔ እንኳ ነዶ ተሸክሜ ሮጥሁ፣ ሂላ አቆምሁ፣ የተላጠ አንገቴ ላይ ላቡ ሲወርድ እንደ በርበሬ እያቃጠለኝ። የማንም ሂላ የኔን ያህል ቀጥ ብሎ አልቆመም።

ሁሉም ዳነ ብዬ አልዋሽህም። የወንዙ ዳር ያለው ክፍል ቀድሞ ደርቆ ነበርና ስንደርስ መሬቱ በፍሬ ነጭ ብሏል፣ ርግቦቹ ከመጥገባቸው የተነሣ መብረር አቅቷቸዋል። አክስቴ ቆማ አየችው። «ይህ የሸረሪቷ ድርሻ ነው» አለች። የቀረው ግን ገባ። ሂላው ደርቆ ሲራገፍ ሸራው ላይ ሲወርድ የነበረው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከተማ ወርዳ የማንንም ልብስ አላጠበችም። ዘንድሮም እዚያው መሬት ላይ ናት፤ አንድ ላምም በረቷ ገብታለች።

ሂላ ስንከምር ነው አንድ የተማረ ልጅ በሞተር የመጣው። የሰሊጥ ተባይ የሚያጠና ነው፣ ከእርሻ እርሻ የሚዞር። አንገቴን አይቶ ስለ ጥንዚዛዋ ወዲያው ነገረን፦ ስትጨፈለቅ የሚወጣት ፈሳሽ ነው የሚልጥህ፤ ስታርፍብህ አትጨፍልቃት፣ እፍ ብለህ አብርራት፣ ከነካችህም በሳሙና ታጠብ። ይህን ቀድሞ መጥቶ ቢነግረን ምን ነበረበት። ከዚያ ጠርሙሱን አየ።  ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አነሳው፣ ስልኩን አወጣ፣ ከፊት አነሳት፣ ከኋላ አነሳት፣ ተንበርክኮ አነሳት። የራሱን ሰርግ እንኳ እንደዚያ የሚያነሳ አይመስለኝም።

«ይህችን ከየት አመጣሃት?»

ሳጥኑን አሳየሁት። ጽሑፉንም አነሳው።

«ይቺ እኔ እስከማውቀው የዚህ አገር አይደለችም» አለ። «እርግጠኛ ለመሆን ለሚያውቁት መላክ አለብኝ።»

«እኔ እርግጠኛ ነኝ» አልሁት። «ሳወርዳት ተናግሬያለሁ።»

«ምን አይተህ?»

«አተያየቷን። የኛዎቹ ያፍራሉ።»

ሳቀ፣ ግን ጻፈው። ጠርሙሱን ወሰደ። ከከረመ በኋላ ደወለ። ከባሕር ማዶ ሩቅ ምሥራቅ የምትኖር ናት፣ በመርከብ ዕቃ እየተሳፈረች አገር ላገር የምትዞር፣ እኛ አገር ግን እስካሁን አይቻለሁ ያለ ሰው አልተገኘም አለኝ። «ወይም አይቶ ዝም ያለ ይኖራል» ሲል ጨመረ። እኔ አይቼ ዝም ማለት አላውቅበትም፣ ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው። በኔ ስም ጥሩልኝ አልሁት፤ ስም አላት አለኝ። ይሁን፣ ሲጠሯትም አትሰማም።

አሁን መተማ ውስጥ አለች። የአክስቴ መጋዘን ግድግዳ ላይ አይቻታለሁ፣ የትራክተሩ መስታወት ላይ አይቻታለሁ። ሳጥኖቹ ተሰነጣጥቀው ለማገዶ ሲሸጡ ወደየቤቱ ገባች። አንተ ቤት ትኖር ይሆናል፣ አንተ ግን ሸረሪት ሁሉ ያው ነው ባይ ነህና አታያትም። እኔ ደግሞ አሁንም ተቀምጬ አላውቅም፤ ያ አንድ ቀን ለዕድሜዬ ይበቃኛል። ነገ ወደ አብርሃ ጅራ ጭነት አለን፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

እና አላመንኸኝም። ተወው፣ እኔን አትመነኝ። ሾፌሩ መናኸሪያው ጋ ጎማ ሲቀይር ታገኘዋለህ፣ ጠይቀው። ወሎዬው ደጋ አልተመለሰም፣ እዚሁ ቀርቶ አክስቴ ጋ ይሠራል፣ ዓይኑ ሥር ያለውን ጠባሳ ጠይቀው። ጎጃም ዘመድ ካለህ ሽማግሌውን አስጠይቅ፤ ቀልደኛ ነው ይሉሃል፣ ዋሾ ነው ግን አይሉህም። አክስቴንም ሂድና ጠይቃት። ከዚያ ራኩባ ሥር ከነበረው ሰው ሁሉ የፈለግኸውን ምረጥና ጠይቅ፤ አንዱ እንኳ «አልሆነም» ካለህ መጥተህ ፊቴ ላይ ንገረኝ።